1 ሊትር ስቴንለስ ፔርሙስ ከነቤተሰቡ ተፈትሾ፦ ሙቀቱ እሺ፣ ክዳኑ ላይ ግን እንነጋገር

እሺ፣ ስለ ፔርሙስ ይሄን ያህል ይጻፋል ወይ ምትሉ ትኖራላችሁ፣ ይጻፋል። እኛ ቤት ሰብሰብ ብሎ መውጣት ይወደዳል፣ እማዬ አለች፣ ወንድሜ ከነሚስቱ አለ፣ ልጆች አሉ፣ እና ሜዳ ላይ ወጥተን ምን ያህል እንቀመጣለን ሚለውን ሚወስነው የቦታው ማማር እንዳይመስላችሁ፣ ትኩስ ነገር መኖሩ ነው። ሻይ ካለ ወሬው ይቀጥላል፣ ልጆቹ እንደፈለጉ ይሯሯጣሉ፣ ማንም ሰአት አያይም። ሻዩ ሲያልቅ ወይ ለብ ሲል ግን እማዬ ሹራቧን ሰብሰብ ታረግና «በሉ እንግዲህ» ትላለች፣ «በሉ እንግዲህ» ካለች ደሞ አለቀ፣ ይግባኝ የለውም።

ስለዚ ይቺን ፔርሙስ ስገዛ ነገሩን ቀለል አርጌ አላየሁትም። 1 ሊትር ምትይዝ፣ ከውስጥም ከውጪም ስቴንለስ የሆነች፣ የላይኛው ክዳኗ እንደ ስኒ ሚያገለግል፣ ከስሩ ደሞ በተን ተጭነው ሚቀዱበት ሁለተኛ ክዳን ያላት፣ በጎኗ ታጣፊ እጀታ ያላት ነች። ብራንዷን አልጽፍም፣ ይቺው ቅርጽ በተለያየ ስም ስለምትሸጥ ስሙን ማወቁ ብዙ አይጠቅማችሁም፣ ዋናው ሲገዛ ምኑ መታየት እንዳለበት ነው። ካሁኑ ልንገራችሁ፣ ሙቀት አያያዟ ላይ ቅሬታ የለኝም፣ ክዳኗ ግን ቤተሰብ ሊያጣላ ምንም አልቀረው።

ከሙቀቱ ልጀምር። ካርቶኗ ላይ «24 ሰአት ትኩስ» ይላል። ትኩስ ሲል ምን ማለቱ ነው ግን? 40 ዲግሪም እኮ እጅ ሲነካው ይሞቃል፣ ሻይ ሆኖ ሲጠጣ ግን የተረሳ ሻይ ነው። ስለዚ ሰአቱን ጽፎ ዲግሪውን ያልጻፈ ካርቶን ብዙም አትመኑት። የጃፓን አምራቾች ላይ ምወድላቸው ነገር ብዙ ጊዜ ከ6 ሰአት በኋላ ውሃው ከስንት ዲግሪ በታች እንደማይወርድ ቁጥሩን ጽፈው ነው ሚሸጡት፣ እንደዛ ሲሆን ሁለት እቃ አስተያይቶ መግዛት ይቻላል። የኔዋ ላይ ዲግሪ ሚባል ነገር አልተጻፈም ግን በስራዋ አስመስክራለች፣ ጠዋት ሞልተናት ወጥተን ከምሳ በኋላ ስንከፍታት አሁንም እፍ እፍ እየተባለ ነው ሚጠጣው፣ ወደ ማታ ገደማ ደሞ እፍ ማለት ሳያስፈልግ ደስ ሚል ሙቀት ላይ ትገኛለች። ለኛ ከበቂ በላይ ነው፣ 24 ሰአት ሜዳ ላይ ሚቀመጥ ሰው የለንም።

ነገሩ በነገራችን ላይ አዲስ ጥበብ አይደለም። ጄምስ ዴዋር ሚባል ስኮትላንዳዊ ሳይንቲስት ነው በ1892 እ.ኤ.አ. የሰራው፣ ያውም ለሻይ ብሎ ሳይሆን ላብራቶሪ ውስጥ በጣም ቀዝቃዛ የሆኑ ፈሳሽ ጋዞችን ለማቆየት። አንዱን እቃ ሌላው ውስጥ አስገብቶ በመሀላቸው ያለውን አየር መጦ ማውጣት፣ በቃ ይሄው ነው። አየር በሌለበት ሙቀቱ ግድግዳውን ሚሻገርበት መንገድ ይጠበዋል፣ በጨረር መልክ ለሚያልፈው ሙቀት ደሞ ግድግዳው እንዲያብረቀርቅ ይደረጋል። ለቤት እቃነት መሸጥ የጀመረው በኋላ ነው፣ በ1904 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ። ይሄን ያመጣሁት ለእውቀት ብቻ አይደለም፣ ግድግዳው እንደዛ ከተዘጋ ሙቀቱ ማምለጫ ሚቀረው አፉ ጋ ነው፣ ማለትም ክዳኑ ጋ። ሰው ግን ፔርሙስ ሲገዛ ሆዱን መታ መታ አርጎ ቀለሙን አይቶ ነው ሚገዛው፣ ክዳኑን ፈታ አርጎ ውስጡን ሚያይ ስንቱ ነው?

እና ወደ ክዳኑ።

በተኑ ሲታይ ያምራል። ጫን ሲሉት ጠቅ ይላል፣ ቀጭን ቀዳዳዎች ይከፈታሉ፣ ሳይፈታ ይቀዳል፣ ሙቀትም አይባክንም ተብሎ ነው። ሀሳቡ ጥሩ ነው፣ ለአንድ ሰው ከሆነ። አሁን እማዬ ስትቀዳበት እዩት፦ ስኒውን በግራ እጇ ይዛለች፣ ፔርሙሱን በቀኝ፣ በተኑን በአውራ ጣቷ ትጫናለች፣ ጣቶቿ ድሮ እንደነበሩት አይደሉም፣ ግማሽ ድረስ ገብቶ ይመለሳል። ታዘነብለዋለች፣ ምንም የለም። «ተከፍቷል ወይስ ተዘግቷል ይሄ ነገር?» ትላለች፣ እውነቷን ነው፣ ከላይ ሲያዩት ምንም ሚለይ ምልክት የለውም። እንደገና ትጫናለች፣ አሁንም ታዘነብለዋለች፣ ጠብ ጠብ ይላል፣ ከዛ ድንገት ቧ ብሎ ይወርድና ስኒው ሞልቶ ይፈሳል፣ ጣቷን ታራግፋለች። «አንቺ ልጅ፣ ከዚህ ከፈላ ድስት መጨለፍ ይሻላል» አለችኝ። ምን ልመልስላት?

ሌላም አለ። የፈላ ነገር ሞልተው ወዲያው ሲዘጉት ውስጡ እንፋሎት ይታፈናል፣ የመጀመሪያውን ጊዜ በተኑን ሲጫኑ ፉጭ ብሎ ትንፋሹንና ጠብታውን ይተፋል። ስለዚ በተን ያለው ክዳን ካላችሁ መጀመሪያ ቀጥ አርጋችሁ አቁማችሁ ፊታችሁን ዞር አርጋችሁ አንዴ ጫን አርጉትና አስተንፍሱት፣ ከዛ ነው መቅዳት። ልጅ ጉልበት ላይ አስቀምጦ መቅዳት ደሞ ጭራሽ አይሞከርም።

ደሞ ይፈጃል ስል የቀልድ አይደለም። ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ መጠጥ አዘውትሮ መጠጣት ለምግብ ቧንቧ ካንሰር ሊያጋልጥ ይችላል ብሎ የአለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2016 እ.ኤ.አ. «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» ሚለው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል፣ ሻዩ ወይ ቡናው ሳይሆን ትኩሳቱ ነው ችግሩ። ጥሩ ፔርሙስ ደሞ ከዛ በላይ ሙቀት ለሰአታት ነው ሚይዘው፣ ስለዚ ቀድቶ ስኒው ላይ ትንሽ ማቆየት ነው። ለልጆች እኔ ለብቻ ቀዝቃዛ ውሃ ይዤ እሄድና እደባልቅላቸዋለሁ፣ ጭቅጭቅም ይቀንሳል።

አሁን ጽዳቱ። የዚን ክዳን ውስጡን ማየት አይቻልም፣ ሞላ አለው፣ ሞላው ዙሪያ ፕላስቲክ አለ፣ ፕላስቲኩ አይፈታም። ሻይ ገብቶ ይቀራል፣ ታጥቦም ይሸታል። ከስሩ ያለችውን የሲሊኮን ጎማ በጥፍር ፈልቀቅ አርጋችሁ ብታወጧት ጉዱን ታያላችሁ፣ ጎማዋ ምትቀመጥበት ስርጉድ ውስጥ ቡናማ ዝልግልግ ነገር ዙሪያውን ተኝቷል፣ ላዩ ንጹህ፣ ጎማዋ ነጭ፣ ስትገለበጥ ግን ሌላ አለም። ወንድሜ ይሄን ካየ በኋላ ለአንድ ሰሞን ከፔርሙስ ሻይ አልጠጣም ብሎ ነበር፣ ቆይቶ በረደውና ጠጣ።

ለዚ ነው ጎማው የማይወጣ ክዳን አትግዙ ምለው። ሱቅ ውስጥ እያላችሁ ፈልቅቁት፣ ሻጩ ቢቆጣ ይቆጣ። ሆዱን ማጽዳት ቀላል ነው፣ የሻይ ጥቁረት ከሆነ ቤኪንግ ሶዳ በሙቅ ውሃ አርጎ ክዳኑን ሳይዘጉ ማሳደር፣ ነጭ የውሃ ድንጋይ ከሆነ ደሞ ሎሚ ወይ አቼቶ ያነሳዋል፣ ሁለቱን ግን አንድ ላይ አታርጓቸው፣ አረፋ ከመሆን ውጪ አንዱ አንዱን ነው ሚያጠፋው። በረኪና በጭራሽ፣ ክሎሪኑ ስቴንለሱን እየበላ ነጥብ ነጥብ ያወጣበታል። ከታጠበ በኋላ ክፍት አርጎ ማድረቅ ነው፣ ዘግቶ ማስቀመጥ ሽታ ማርባት ነው።

ወተት ነክ ነገር ሞልቶ ቀኑን ሙሉ ይዞ መዞር ደሞ ይቅርባችሁ። ከ60 ዲግሪ በታች እየወረደ ሲሄድ ለባክቴሪያ ምቹ ሙቀት ላይ ሰአታት ይቆያል፣ ፔርሙሱ ጎበዝ በሆነ ቁጥር እዛው ለብታ ላይ ያቆየዋል። ሻዩን ለብቻ፣ ወተቱን ለብቻ በቀዝቃዛ መያዝ ይሻላል። ለስላሳና ጋዝ ያለው መጠጥም አይሞላም፣ ግፊት ያመጣና ክዳኑን ያስቸግራል። በረዶ ግን ይቻላል፣ ሙቀት ማያስወጣው ግድግዳ ሙቀት አያስገባም፣ ጸሀያማ ቀን ላይ በረዶና ውሃ ሞልተን ይዘን ሄደን እስክንመለስ በረዶው እየተንኳኳ ነበር።

አያያዙን በተመለከተ ሰው ሚዘለው አንድ ነገር አለ፣ ከመሙላት በፊት ማሞቅ። የፈላ ውሃ ሞላ አርጎ ትንሽ ደቂቃ ዘግቶ አቆይቶ መድፋት፣ ከዛ ሻዩን መሙላት። ቀዝቃዛው ብረት የመጀመሪያውን ሙቀት ስለሚጠጣ ይሄ ካልተደረገ ገና ከቤት ሳትወጡ ጥቂት ዲግሪ ከስራችኋል። ሌላው እስከ አንገቱ መሙላት ነው፣ ግማሽ የሞላ ፔርሙስ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ለሁለት ሰው 1 ሊትር ይዞ ግማሹን ሞልቶ ከመሄድ ግማሽ ሊትር ሚይዝ ትንሽ ገዝቶ ሙሉ አርጎ መሄድ ይሻላል። ከፍታ ቦታ ምትኖሩ ወይ ተራራ ምትወጡ ደሞ ውሃው እዛ ሲፈላ 100 ዲግሪ አይደርስም፣ ወደ 300 ሜትር ከፍ ባላችሁ ቁጥር 1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፣ ስለዚ ከታች ሞልቶ ከወጣው ሰው ጋ አታወዳድሩት።

አሮጌው የመስታወት ፔርሙስ ይሻላል ሚሉ አሉ፣ ሙቀት ላይ እውነት አላቸው፣ ጥሩ መስታወት ጥሩ ነው፣ ሽታም አይዝም። ቤት ለሚቀመጥ እስማማለሁ። ልጅ ኳስ ሚጫወትበት ሜዳ ላይ ግን አንዴ ከተገለበጠ ውስጡ ስብርባሪ ነው፣ የተሰበረበት ሻይ ደሞ ለማንም አይቀዳም። ስቴንለሷ ከመኪና ኮፈን ላይ ወድቃ ጎኗ ጎድጎድ ብሏል፣ ሙቀቷ ግን እንዳለ ነው። እዚጋ ማወቅ ሚገባችሁ፣ ወድቆ ቫክዩሙ፣ ማለትም በሁለቱ ግድግዳ መሀል ያለው አየር አልባ ክፍተት፣ ከሄደ ምልክቱ ግልጽ ነው፣ የፈላ ውሃ ሞልታችሁ ትንሽ ቆይታችሁ የውጪውን ግድግዳ ስትነኩት ይሞቃል። ጤነኛ ከሆነ ግድግዳው እንደቀዘቀዘ ነው ሚቆየው፣ ክዳኑና አንገቱ አካባቢ ሞቅ ማለቱ ግን ያለ ነው። ከሞቀ በቃ፣ ከዛ በኋላ የውሃ ጠርሙስ ነው፣ ጠጋኝ የለውም።

ክብደቷ ላይ ብዙ ማወራው የለኝም፣ ባዶዋን ግማሽ ኪሎ ታልፋለች፣ ስትሞላ ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ነች፣ ወንድሜ ይሸከማል። ስኒዋ አንድ ብቻ መሆኑ ግን ያስቃል፣ 1 ሊትር ሚጠጣ አንድ ሰው አስበው ነው መሰለኝ የሰሩት፣ እኛ ማይሰበሩ ስኒዎች ለብቻ ነው ምንይዘው።

ክዳኑን ምን አረኩት ካላችሁ፣ የሸጠልኝ ሰውዬ ጋ ሄጄ መለዋወጫ ክዳን ወይ ቢያንስ ጎማ አለህ ወይ ስለው «አዲስ ግዢ» አለኝ፣ ይሄ ያናድዳል፣ ሆዱ ለአመታት ሚያገለግል እቃ በአንዲት ጎማ ይጣል ማለት ነው? ሌላ ቦታ ስፈልግ ቆይቼ አፉ ልክ ሚሆን ተራ ተጠምዞ ሚዘጋ ክዳን አገኘሁ፣ በተን የለው፣ ሞላ የለው፣ ሁለት ክፍል ብቻ፣ ክዳንና ጎማ። ሁለት ጊዜ አዙሮ ላላ ሲያረጉት በጎኑ ባለው ስርጉድ ይቀዳል፣ ሙሉ በሙሉ መፍታት አያስፈልግም። ሙቀት ላይ እንዲያውም ሚሻል ይመስለኛል፣ ውስጡ ወፈር ያለ ስለሆነ። እማዬ ያለማንም እርዳታ ትቀዳለች፣ አሁንማ እሷ ነች ቀጂዋ፣ ለማን ስንት እንደቀዳች ትቆጥራለች፣ ሁለተኛ ስኒ ሲጠየቅ መጀመሪያ ያልደረሰው አለ ወይ ብላ ዙሪያውን ታያለች።

ኮከብ ስጪ ካላችሁኝ ለሆዷ 5፣ በተን ላለው ክዳን 2፣ መለዋወጫ ላለመኖሩ ደሞ ከጠቅላላው አንድ እቀንሳለሁ። ለብቻችሁ ቢሮ ምትጠጡ ከሆነ በተኑም ይሰራል፣ ጎማውን በየሳምንቱ ካወጣችሁት። ከቤተሰብ ጋ ለመውጣት ከሆነ ግን ተጠምዞ ሚዘጋውን ግዙ፣ ሰፊ አፍ ያለውን ሳይሆን እጅ ወይ ብሩሽ ገብቶ ሚያጥበው ያህል መካከለኛ አፍ ያለውን፣ ሰፊ አፍ ለሾርባ ነው፣ ሻዩን ግን በየከፈቱት ቁጥር ያቀዘቅዘዋል። ሁለተኛ ልገዛ ነው እኔ፣ አክስቴም አብራን መውጣት ጀምራለች፣ እሷ ደሞ ሻይ ያለስኳር ነው ምትጠጣው።