የመዝናኛ ፓርክ የምግብ ፓስ፦ አንድ ወቅት ሙሉ ተጠቅሜበት ያየሁት

ልጄ ከሮለር ኮስተሩ እንደወረደች ራበኝ አለች። ወደ በርገሩ መስኮት ሄድን። ወረፋው ጥላ የሌለው አስፋልት ድረስ ወጥቷል፣ ግን ምግቡ አስቀድሞ የተከፈለበት ነው ብዬ ቆምኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተራችን ደረሰ። ካሸሯ የምግብ ፓሱን ካርድ ስካን ስታደርገው ስክሪኑ ቀይ ሆነ። «ይቅርታ፣ ገና 23 ደቂቃ ይቀርዎታል» አለችኝ። በምሳና በእራት መሃል የአራት ሰዓት ክፍተት መኖር አለበት። ደንቡን አንብቤዋለሁ፣ ግን ልጅ ይዞ ሲዞር ማን ደቂቃ ይቆጥራል? ያለኝ ምርጫ ሁለት ነበር፤ ከሰልፉ ወጥቶ እንደገና ከኋላ መቆም ወይም ሙሉ ዋጋ መክፈል። ከፈልኩ።

ይህ የሆነው ወቅቱ በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላ ፓርኩ እስኪዘጋ ድረስ አሥራ አራት ቀን ሄደናል፣ ስለዚህ የምጽፈው በአንድ ቀን ብሽቀት ተነስቼ አይደለም። የፓርኩን ስም አልጠራም። እነዚህ ደንቦች ትንሽ ትንሽ ይለያዩ እንጂ ብዙ ፓርኮች ውስጥ አሉ፣ ፓስ ልትገዙ ያሰባችሁ ሁሉ የትም ብትሆኑ ይጠቅማችኋል።

ለማያውቀው ነገሩ እንዲህ ነው። ሲዝን ፓስ፣ ማለትም ወቅቱን ሙሉ ፓርኩ የሚያስገባህ ካርድ፣ የሚሸፍነው በዋናነት መግቢያውን ነው። ምግቡን በተመለከተ ፓርኮች ለፓስ ባለቤት የሚያቀርቡት በሦስት ዓይነት መንገድ ነው። አንደኛው ቅናሽ ነው፤ ለምሳሌ የካሊፎርኒያው ዲዝኒላንድ ለማጂክ ኪ ፓስ ባለቤቶች በተመረጡ ምግብ ቤቶች እንደ ፓሱ ደረጃ ከ10 እስከ 15 በመቶ ይቀንሳል። ሁለተኛው የመጠጥ ኩባያ ነው፤ አንዴ ገዝተህ ወቅቱን ሙሉ ትሞላለህ። ሦስተኛው እኔ የገዛሁት የምግብ ፓስ ነው፤ አንዴ ትከፍልና በመጣህ ቁጥር ምሳና እራት ትበላለህ።

የእኔ የምግብ ፓስ ዋጋ በመስኮቱ ላይ ከተለጠፈው የስምንት ምግብ ዋጋ ጋር እኩል ነበር። ማስታወቂያው ላይ «በአራት ቀን ራሱን ይመልሳል» ይላል። በቀን ሁለት ምግብ፣ አራት ቀን፣ ስምንት። ሒሳቡ ልክ ነው። እኔም ይህንን አይቼ ነው ለራሴም ለልጄም የገዛሁት። አሁን ሳስበው ግን ስህተቴ እዚያ ላይ ነበር፣ ምክንያቱም በመስኮቱ ላይ የተለጠፈውን ዋጋ ያወጣው ራሱ ፓርኩ ነው። ከውጭ ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው (ለሕፃናትና አለርጂ ላለበት ሰው ካልሆነ በቀር)፣ ውስጥ ደግሞ ሌላ ሻጭ የለም፣ ስለዚህ ያ በርገር በር ላይ ካለው በርገር እጥፍ ቢሆንም የሚከራከረው የለም። በዚያ ዋጋ ከተለካ ማንኛውም ፓስ ርካሽ ይመስላል።

ትክክለኛው መለኪያ ፓሱ ባይኖርህ ኖሮ ምን ታወጣ ነበር የሚለው ነው። እኔ ያለ ፓስ በነበርኩበት ጊዜ ቁርስ ቤት በልተን እንገባለን፣ ውስጥ አንዴ እንበላለን፣ እራት ቤት። በቀን አንድ ምግብ ማለት ነው። ስለዚህ ለኔ ፓሱ ራሱን የሚመልሰው በአራት ሳይሆን በስምንት ቀን ነው። ልጄ ደግሞ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፣ ሳህኑን ጨርሳ አታውቅም፣ ቀድሞ ከኔው ሳህን ነበር የምትካፈለው። የእሷ ፓስ አሥራ አራት ቀን ሄደንም የመለሰልኝ አይመስለኝም።

ታዲያ ፓርኩ ለምን ይሸጠዋል? ይህን ማወቅ ስትገዙ ይረዳችኋል። ፓሱ የሚሸጠው በብዛት ወቅቱ ሲያልቅና በሚዘጋበት ጊዜ ነው፤ ፓርኩ ገቢ የለውም፣ ጥገናና ደመወዝ ግን አለበት፣ ያኔ የሚገባ ጥሬ ገንዘብ ዋጋው ትልቅ ነው። ከገዢው ውስጥ ደግሞ ብዙው ካሰበው ያነሰ ቀን ነው የሚመጣው፤ ሥራ ይይዘዋል፣ ዝናብ ይዘንባል፣ ልጅ ይታመማል። ያልተበላው ምግብ ለፓርኩ ይቀራል። የሚመጣው ሰውም ቢሆን የተጨማሪ አንድ በርገር ግብዓት ለፓርኩ የሚያስወጣው ከተለጠፈው ዋጋ በጣም ያነሰ ነው፣ ወጥ ቤቱና ሠራተኛው ቀድሞም አሉ። በዚያ ላይ የምግቡን ዋጋ አስቀድሞ የከፈለ ሰው እስከ ማታ ይቆያል፣ ሲቆይ አይስክሬም ይገዛል፣ ጨዋታ ይጫወታል፣ ፓስ የሌለው ጓደኛ ይዞ ይመጣል።

አልፎ አልፎ ግን ሒሳቡን የሚገለብጥ ሰው ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2021 ብዙ ሚዲያ ያወራለት አንድ የካሊፎርኒያ መሐንዲስ አለ። ከ2014 ጀምሮ ለፓስ በዓመት ወደ 150 ዶላር ከፍሎ፣ ለመሥሪያ ቤቱ ቅርብ በሆነው በሲክስ ፍላግስ ማጂክ ማውንቴን ፓርክ ምሳና እራቱን ለዓመታት ይበላ ነበር፣ ባጠራቀመው ገንዘብ የትምህርት ብድሩን ከፍሏል። ሰዉ ሲስቅበት እኔ በጣም ነው ያደነቅኩት። ቃል የተገባለትን ነው የተጠቀመው፣ ሌላ ምንም አላደረገም።

ፓርኮች ግን እንዲህ ዓይነቱን ሰው ይፈራሉ። አብዛኛው ደንብ የተሠራው እሱን ለመያዝ ነው፣ የሚጎዳው ግን በወር ሁለት ጊዜ የሚመጣው ቤተሰብ ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

የሰዓት ክፍተቱ አንዱ ነው። ክፍተት መኖሩን አልቃወምም፤ ባይኖር አንድ ሰው በአንድ ፓስ ጓደኞቹን ሁሉ ያበላ ነበር። የምቃወመው ሰዓቱ ከየት እንደሚጀምር ነው። የሚቆጠረው ካርዱ ስካን ከተደረገበት ደቂቃ ነው፣ አንተ ግን ከዚያ በፊት ግማሽ ሰዓት ተሰልፈሃል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ምግቡ እስኪወጣ ጠብቀሃል። አፑ ላይ የቀረኝን ጊዜ የሚያሳይ አንድ ቁጥር ቢኖር ያቺ ካሸርም ከእኔ ጋር ባልተጨቃጨቀች ነበር። ይህን ማድረግ ምን ያህል ይከብዳል? ሲስተሙ ቁጥሩን ያውቀዋል፣ ለካሸሯ አሳይቷታል እኮ።

ሁለተኛው የሜኑ ዝርዝር ነው። በፓሱ የሚሰጠው ምግብ አጠገብ ትንሽ የሹካ ምልክት አለች። ወቅቱ ሲጀመር አሥራ አንድ ቦታ ነበረች፣ በመጨረሻው ወር ስድስት ላይ ነው የቆጠርኳት። የቀሩት ተመሳሳይ ናቸው፦ የተጠበሰ የዶሮ ቁራጭ በቺፕስ፣ በርገር በቺፕስ፣ ፒዛ። ሥጋ ለማይበላ ሰው ፒዛ ወይም ቺፕስ ብቻ። በወቅት አንዴ ለሚመጣ ሰው ይህ ችግር አይደለም፣ ፓስ የገዛ ሰው ግን በተፈጥሮው ተመላላሽ ነው፣ የሜኑው መለዋወጥ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለእሱ ነው። በሰባተኛው ቀን ልጄ ዶሮውን አይታ ሳትነካው መለሰችው።

ሦስተኛውና ዋናው ወረፋው ነው። ብዙ ሰው ስለ ጥራቱ ያማርራል፣ እኔን ያስመረረኝ ግን ይሄ ነው። ምልክቷ ያለባቸው መስኮቶች ሲያንሱ ፓስ ያለው ሁሉ እነሱ ላይ ይከማቻል፣ በሥራ ቀናት ደግሞ ከነሱም ግማሾቹ ዝግ ናቸው። ስካን ማድረግ፣ ፎቶውን ከፊት ጋር ማስተያየት፣ «ይሄ አይካተትም» ብሎ ማስረዳት፣ ይህ ሁሉ ደቂቃ ይበላል። ከኋላዬ ሙሉ ዋጋ ሊከፍል የቆመው ሰውም እኩል ይጠብቃል፣ ስለዚህ ፓሱ የሌለውንም ይጎዳዋል። ሠራተኞቹን አልወቅስም፤ ብዙዎቹ ለወቅቱ ብቻ የተቀጠሩ ወጣቶች ናቸው፣ በዚያ ሙቀት ፈገግ ብለው ማስተናገዳቸው ራሱ ይደንቀኛል። ስንት መስኮት እንደሚከፈት የሚወስኑት እነሱ አይደሉም። አንድ ቀን ሰዓቴን ይዤ ለካሁት፦ ለምሳ 41 ደቂቃ፣ ለእራት 36። ከሰባት ሰዓት ቆይታ ከአንድ ሰዓት በላይ በሰልፍ ሄደ፣ የመጫወቻዎቹን ወረፋ ሳይጨምር ማለት ነው።

ይህን ሳስብ ሁሌ ትዝ የሚለኝ የኖትስ ቤሪ ፋርም ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 ኮርዴሊያ ኖት የምትባል ሴት ካሊፎርኒያ ውስጥ በእርሻቸው ላይ ለስምንት ሰው የዶሮ እራት አቀረበች፣ ሳህኖቹ የሠርጓ ስጦታ ነበሩ፣ ዋጋው 65 የአሜሪካ ሳንቲም። ዶሮው ታወቀ፣ ሰዉ ለሰዓታት መሰለፍ ጀመረ። ባሏ ዋልተር ተሰልፎ የሚጠብቀው ሰው የሚያየው ነገር ይኑረው ብሎ በ1940 አካባቢ የድሮ ከተማ መገንባት ጀመረ፣ ዛሬ ያለው ትልቅ ፓርክ ከዚያ አደገ። ማለትም አንድ ሙሉ መዝናኛ ፓርክ የተወለደው ከምግብ ወረፋ ነው! የሚጠብቀው ሰው አሳዝኗቸው አንድ ነገር አደረጉለት። እኔ የምሄድበት ፓርክ የምግብ ወረፋ ላይ ጥላ እንኳ የለም።

የተሻለ የሚሠሩ አሉ። ኢንዲያና ያለው ሆሊዴይ ወርልድ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለስላሳ መጠጥ ለሁሉም ጎብኚ በነፃ ይሰጣል፣ ፓስ ኖረህ አልኖረህ። ካርድ የለ፣ ስካን የለ፣ ሰዓት የሚቆጥር የለ፣ ኩባያህን ወስደህ ትቀዳለህ። ፔንሲልቬንያ ያለው ኖብልስ ደግሞ መግቢያውም ፓርኪንጉም ነፃ ነው፣ ምግብህንም ይዘህ መግባት ትችላለህ፣ ያም ሆኖ ለመዝናኛ ፓርኮች በሚሰጠው የጎልደን ቲኬት ሽልማት በምግብ ደጋግሞ አንደኛ የወጣ ፓርክ ነው። ለኔ ምክንያቱ ግልጽ ነው። እዚያ ጎብኚው ሳንድዊቹን ከቤት ማምጣት ይችላል፣ ስለዚህ እንዲገዛ ከተፈለገ ምግቡ መጣፈጥ አለበት። የምግብ ፓስ የገዛ ሰው ግን ገንዘቡን አስቀድሞ ሰጥቷል፣ የሚያባብለው የለም።

ፓስ ያለው ሰው ይበዛል፣ ፓርኩ ውስጥ የሚያወጣው ገንዘብ ግን ያንሳል የሚለው የፓርኮች ቅሬታ ይገባኛል። የብዙ ፓርኮች ባለቤት የሆነው ሲክስ ፍላግስ እ.ኤ.አ. በ2022 ርካሽ ፓሶችንና ቅናሾችን ቀንሶ ዋጋ ሲጨምር ከአንድ ጎብኚ የሚያገኘው ገቢ ከፍ አለ፣ የጎብኚው ቁጥር ግን በ2021 ከነበረበት 27.7 ሚሊዮን ወደ 20.5 ሚሊዮን ወረደ። በ2024 ሴዳር ፌር ከሚባል ሌላ የፓርኮች ኩባንያ ጋር ሲዋሐድ 42 ፓርኮች ያሉት ኩባንያ ሆነ። በነገራችን ላይ፣ እንዲህ ብዙ ፓርክ ባለው ኩባንያ ፓስ የምትገዙ ከሆነ የምግብ ፓሱ በሌሎቹ ፓርኮችም ይሠራ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። መግቢያው በሁሉም ስለሠራ ምግቡም ይሠራል ማለት አይደለም።

ከሁሉም የወደድኩት የመጠጥ ኩባያውን ነው። ከሥሩ የኤሌክትሮኒክ ቺፕ አለው፣ ማሽኑ ላይ ስታስቀምጠው ራሱ ያውቀዋል፣ በአሥራ አምስት ደቂቃ አንዴ ይሞላል። ካሸር የለም፣ ወረፋው ይሮጣል፣ ቀይ ከሆነ ደግሞ ስንት ደቂቃ እንደቀረህ ስክሪኑ ላይ ይጽፍልሃል። ይመቻቸው። ለምግቡ ያልተደረገው ነገር ለመጠጡ ተደርጓል።

ከአምስት ኮከብ ኩባያውን አምስት፣ የምግብ ፓሱን ሁለት ተኩል እሰጠዋለሁ። ከአሥር ቀን በላይ የምትሄዱ፣ በሥራ ቀን ከሰዓት በፊት መግባት የምትችሉ፣ ምሳችሁን ሰው ሳይራብ በጊዜ የምትበሉ ከሆነ ግዙት፣ ታተርፉበታላችሁ። ቅዳሜና እሁድ ብቻ የምትሄዱ ከሆነ ይቅርባችሁ። ትንሽ ልጅ ካላችሁ ደግሞ ለሷ ለብቻዋ አትግዙ፣ ከናንተ ሳህን መብላቷን የሚከለክል ደንብ አላየሁም። እኔ ለሚቀጥለው ወቅት አንድ የምግብ ፓስና ሁለት ኩባያ ገዝቻለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከእንጨቱ ሮለር ኮስተር ሥር በጭስ የበሰለ ሥጋ የሚሸጥ መስኮት አለ። ሥጋውን እዚያው ነው የሚያበስሉት፣ ከሩቅ ይሸታል፣ ለፓስ ባለቤትም ለከፋይም ከአንድ ትሪ ነው የሚቆርጡት፣ መጠኑም አንድ ነው። ልጄ ሳህኗን ልትጨርስ የቀረበችው እዚያ ብቻ ነው። በመጨረሻው ወር የሹካዋ ምልክት ከዚያ መስኮት ላይ ተነሳች። ለደንበኞች አገልግሎት ሁለት ጊዜ ጽፌያለሁ፣ «ለሚመለከተው ክፍል እናሳውቃለን» ብለውኛል። የአዲሱ ወቅት ዝርዝር ሲወጣ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው፤ ከተመለሰ ግማሽ ኮከብ እጨምራለሁ።