የድሮው ጠርሙስ ወይስ አዲሱ?

የአንድ ሽቶ ቅመም ተቀይሮ በአዲስ መልክ ሲወጣ፣ ሽቶ የሚወዱ ወንዶች «የድሮው ይሻላል» ሲሉ እሰማለሁ። በጠረኑ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ለቆዳ ግን እኔ አዲሱን እመርጣለሁ።

እስቲ የድሮውን ካርቶን ገልብጡና ደቃቁን ጽሑፍ አንብቡ። «ቡቲልፌኒል ሜቲልፕሮፒዮናል» የሚል ካለ ሊሊያል የሚባለው መዓዛ ሰጪ ኬሚካል ማለት ነው። የመውለድ አቅምን ሊጎዳ ይችላል ተብሎ የአውሮፓ ኅብረት ከማርች 2022 ጀምሮ ከልክሎታል። ላይራል የሚባለው ሌላው መዓዛ ሰጪም ብዙ ሰው ላይ የቆዳ አለርጂ ስለሚያመጣ ከ2021 ወዲህ እዚያ አይሸጥም።

አዲሱ ምንም ጣጣ የለውም ማለቴ አይደለም። ሊናሎልና ሊሞኒን የሚባሉት መዓዛ ሰጪዎች አሁንም አሉበት። አየር ሲያገኛቸው ይለወጡና አለርጂ የመቀስቀስ ኃይላቸው ይጨምራል። ተከፍቶ ለዓመታት የቆየ ጠርሙስ ይበልጥ የሚያሳስበኝም ለዚህ ነው።

ገና ከተላጫችሁ ደግሞ የድሮውንም አዲሱንም አንገት ላይ አትርጩ። ሸሚዝ ላይ ይበቃል።