ለደሴዋ የዲጂታል ፊርማ ባለሙያ፦ እናመሰግናለን፣ እናንተም ሂዱላት

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ነጋዴዎች፣ ማኅበራትና የሂሳብ ሠራተኞች፣ ይቺ ምስጋና ትድረሳችሁ። የድርጅታችንን የዲጂታል ፊርማና የኮምፒውተር ደህንነት ሥራ የሠራችልን እህታችን ውለታዋ ቢሮ ውስጥ ተነግሮ የሚቀር አይደለም።

ከእርሷ በፊት የተሠራብን ነገር አሁንም ያንገበግባል። አንዱ በእስክሪብቶ የተፈረመ ወረቀት ስካን አድርጎ ምስሉን ውል ላይ ለጠፈና «ዲጂታል ፊርማ» ብሎ ሙሉ ሂሳብ ተቀበለ። ያን ምስል ማንም ቆርጦ ሌላ ሰነድ ላይ ይለጥፈዋል። ሌላው የባሰ ነው፤ የሥራ አስኪያጃችንን ሚስጥራዊ ቁልፍ፣ ማለትም ፊርማው የሚፈረምበትን ፋይል፣ በራሱ ላፕቶፕ ላይ ፈጥሮ ቅጂውን አስቀረ፣ የይለፍ ቃሉንም በቴሌግራም ላከ። ቁልፉን የያዘ ሰው በስማችሁ ውል ይፈርማል፣ ፊርማውም ትክክለኛ ሆኖ ይታያል።

እህታችን ሥራ የጀመረችው የሂሳብ ሶፍትዌር በመሥራት ነው። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ራንሰምዌር ደንበኞቿን ሲጎዳ ስታይ ወደ ሳይበር ደህንነት ዞረች። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ዋና ሥራዋ ይኸው ሆነ። ድርጅቷን እዚሁ ወሎ መክፈቷ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

መጀመሪያ ቁልፉ የሥራ አስኪያጃችን መሆኑን የሚያረጋግጠውን የድሮውን ዲጂታል ምስክር ወረቀት አሰረዘች። ከዚያ አዲሱ ቁልፍ ፍላሽ በሚመስለው ቶክን ውስጥ እንዲፈጠር አደረገች፤ ከቶክኑ የሚወጣው ሌሎች ፊርማውን የሚያረጋግጡበት ይፋዊው ቁልፍ ብቻ ነው፣ ለምስክር ወረቀት ሰጪው የሚላከውም እርሱ ነው። ሥራ አስኪያጃችን የቶክኑን ፒን የሚያስገቡበት ሰዓት ሲደርስ ከወንበሯ ተነስታ ከክፍሉ ወጣች። «ፒኑ የእርስዎ ነው ጋሼ፣ እኔ ካወቅሁት ፊርማው የእርስዎ ብቻ አይሆንም» አለቻቸው። እንዲህ ያለ ታማኝነት በገንዘብ አይገዛም።

ለሂሳብ ሠራተኞቹም በትዕግሥት አስረዳች። ሶፍትዌሩ ከሰነዱ 256 ቢት የሆነ አሻራ ያወጣል፣ ሚስጥራዊው ቁልፍ ያንን አሻራ ይፈርማል። 10,000 ብር ላይ አንዲት ዜሮ ከተጨመረች አሻራው ይለወጥና ማረጋገጫው ይወድቃል። የተፈረመ ፒዲኤፍ አትማችሁ መልሳችሁ ስካን ካደረጋችሁት ፊርማው ቀረ፤ መላክ ያለበት ፋይሉ ራሱ ነው።

አንዱ ኮምፒውተር «ምስክር ወረቀቱ ገና አልጸናም» እያለ አስቸገረ። ሌላ ባለሙያ ዊንዶውሱን አጥፍቶ ይጭን ነበር። እርሷ «አብሽሩ» ብላ መጀመሪያ ያየችው ቀኑን ነው። የማዘርቦርዱ ባለ 3 ቮልት ባትሪ፣ ሲአር 2032 የሚባለው፣ አልቆ ስለነበር መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። ባትሪውን ቀየረች፣ ሰዓቱ ከኢንተርኔት እንዲስተካከል አደረገች፣ በዚያው ተፈታ። የኮምፒውተሩን ቀን በኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት የሚሞሉም ያው ችግር ይገጥማቸዋል፣ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነውና።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ደሴና ኮምቦልቻ ኮምፒውተርም ሰነድም አብሮ የጠፋበት ቢሮ ብዙ ነው። ስለዚህ የሰነድ 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማስቀመጫ፣ 1ዱ ከከተማ ውጭ ይሁን ትላለች፤ ከዚህ አትወርድም። ቁልፉ ግን አይገለበጥም። ቶክኑ ከጠፋ በዚያው ቀን አስታውቆ ማሰረዝ፣ ከዚያም በአዲስ ቁልፍ አዲስ ምስክር ወረቀት ማውጣት ነው። የቀድሞ ሰነዶች እንዳይጠረጠሩ ስትፈርሙ መቼ እንደተፈረመ የሚያረጋግጥ የጊዜ ማኅተም አስጨምሩ።

አላህም እግዚአብሔርም ብድሯን ይክፈላት። ስሟንና ስልኳን እዚህ እንዳናወጣ ስለጠየቀችን በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ እናገናኛችኋለን። እባካችሁ ሂዱላት፤ ስትሄዱም ፈራሚው ሰው ራሱ ይሂድ፣ ተወካይ አትላኩ።