ምኗ ነው? ስለ አንድ የጎንደር አዝማሪ ቤት

በሩ ላይ ታፔላ የለም። ሰፈሩ ቤቱን የሚጠራው በባለቤቷ ስም ነው፤ እሱን እዚህ አልጽፈውም። ከፒያሳ በእግር ይደረሳል፣ ከጠፋችሁ አንዱን የባጃጅ ልጅ ጠይቁት፣ ሁሉም ያውቁታል።

ባጭሩ ጠጁ ደህና ነው፣ መቀመጫው ወገብ ይቆርጣል፣ ግጥሙ ግን እዚህ ከተማ ውስጥ ከሰማሁት ሁሉ ይበልጥብኛል። በተለይ በዘመድ ነገር። የዚህ ቤት አዝማሪዎች «ያጎቴ ልጅ»፣ «እህቴ»፣ «የልጄ አባት» እያሉ ሲገጥሙ ማን ለማን ምኑ እንደሆነ አይነግሯችሁም። ብትጠይቁም አይነግሯችሁም። እኔም የምሄደው ለዚህ ነው።

ለምሳሌ ይቺን ስሟት። ዘፋኟ ብርሌውን ከአንዱ ጠረጴዛ ላይ አንስታ፣ ለራሷ እንደምታወራ ዝግ ብላ ነው ያለቻት።

ያጎቴ ልጅ መጥቷል በሩን ክፈቱለት፣
ውሻችን ካወቀው እኔ ምን ላርግለት።

ቤቱ በሙሉ ሳቀ፣ ግን ሁሉም በአንድ ነገር አልሳቀም። አጠገባችን የተቀመጡ አንድ አባት «ምኑ ያስቃል? ዘመድ ነው፣ ይገባል ይወጣል፣ ውሻው ለምን አያውቀውም?» አሉ። አብሯቸው የነበረው ወጣት ደግሞ «አባዬ፣ በሩ እኮ ተዘግቷል» ብሎ መለሰላቸው። እውነቱን ነው። በሩ ከተዘጋ መሽቷል ማለት ነው። ውሻው ካልጮኸ ደግሞ ልጁ ዛሬ የመጀመሪያው አይደለም። እሷስ ማን ከሰሳትና ነው «እኔ ምን ላርግለት» የምትለው? ሳይጠይቋት ነው መከላከል የጀመረችው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ሰሙ ዘመድ፣ ወርቁ ወዳጅ» ብሎ ይዘጋዋል። እኔ አይዋጥልኝም። በኛ አገር ዘመድ እስከ ሰባት ቤት አይጋባም። ስለዚህ «ያጎቴ ልጅ» ማለት ማንም የማይጠረጥረው ሰው ማለት ነው፣ ሌላ ወንድ ደብቆ ለማስገባት ከዚህ የተሻለ ስም የለም። ግን ደግሞ የምር ያጎቷ ልጅ ከሆነና የምር ወዳጇ ከሆነስ? ያኔ ጨዋታው ሌላ ነው፣ ነውሩም ሌላ ነው። ይቺን ሦስተኛዋን ማንም ጮክ ብሎ አላላትም፤ እኔ ግን የአንዳንዱን ሰው ሳቅ ግማሽ መንገድ ላይ ያቆመችው እሷ ትመስለኛለች። ወርቁን አውጥተህ ሰሙን ከጣልከው ይሄ ሁሉ ይቀራል።

እኔም አላስችል ብሎኝ «እህት ዓለም፣ ለመሆኑ ልጁ ምንሽ ነው?» አልኳት። ወደ ማሲንቆ መቺው ዞር አለችና «አጎቴን ጠይቀው» አለችኝ። ሰውየው ቀና ብሎም አላየኝ፣ አንዷን ጭራ መገዝገዙን ቀጠለ። የምር አጎቷ ይሁን አይሁን አሁንም አላወቅኩም። ሊሆን ይችላል፤ አዝማሪነት በዘር የሚወረስ ሙያ ነው፣ እዚሁ ጎንደር አጠገብ ቡርቧክስን የመሰለ የአዝማሪ መንደር አለ፣ አንድ ቤት ውስጥ አጎትና የወንድም ልጅ አብረው መሥራታቸው ምንም አይገርምም።

ማሲንቆ መቺው ዞሮ ዞሮ እኛ ጋ ደረሰ። አብራኝ የነበረችው የአክስቴ ልጅ ናት። መቼም የአክስት ልጅን እህቴ ማለት ያለ ነው፣ አንድ ላይ ነው ያደግነው፣ ስለዚህ ገና ፊታችን ሲቆም «እህቴ ናት» አልኩት። ከዚያ በኋላማ ሙድ ያዘብን።

እህቴ ናት አለ ሳንጠይቀው ቀድሞ፣
አብርሃምም ብሏል ግብፅ ደጅ ላይ ቆሞ።

የአክስቴ ልጅ በሳቅ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ብር አውጥቼ ግንባሩ ላይ ከመለጠፍ ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ? ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ግጥሙ መጀመሪያ ከመሰለኝ በላይ ተንኮለኛ ሆኖ አገኘሁት። ዘፍጥረት 12 ላይ አብርሃም ነፍሱን ፈርቶ ሚስቱን ሣራን እህቱ ነኝ በይ ይላታል፣ ስለዚህ አዝማሪው ዋሽተሃል እያለኝ ነው። ምዕራፍ 20 ላይ ግን ያው አብርሃም ለአቤሜሌክ ሲመልስ የአባቴ ልጅ ናት፣ የእናቴ ልጅ ግን አይደለችም ይላል። እህትም ናት፣ ሚስትም ናት። እንግዲህ ሰውየው ሰደበኝ ወይስ ነፃ አወጣኝ? ብሩን የወሰደው ለየትኛው ነው?

የምሽቱ ምርጥ ግን እነዚህ አይደሉም። ጥግ ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠራችውን ቁስቋምን ጎብኝተው የመጡ እንግዶች ነበሩ፣ ከአስጎብኚያቸው ጋር። ማሲንቆ መቺው እነሱን አይቶ ነው መሰለኝ ነገሩን ወደ እቴጌይቱ ወሰደው።

ኢያሱን ጥሩልኝ እቴጌ እያለች፣
ልጇን ነው ወዳጇን መች ለሰው ነገረች።

ታሪኩን ለማያውቅ ይቺ ተራ ሐሜት ናት። አፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲሞቱ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ገና ሕፃን ነበር፣ መንግሥቱን በእጇ ያደረገችው እናቱ ምንትዋብ ናት። በኋላ የወደደችው ሰው ደግሞ የሟች ባሏ የሥጋ ዘመድ ነው፣ ስሙም ኢያሱ፤ ሕዝቡ ምልማል ኢያሱ ይለዋል፣ ሴቶች ልጆችም ወልዳለታለች። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ኢያሱ! አንዱን ብትጠራ የሚመጣው የትኛው ነው? አስጎብኚው ይሄንን ለእንግዶቹ በጥሩ ሁኔታ አስረዳ። እንደጨረሰ ከኋላ አንድ ሰው «አማቷስ?» አለ።

ቤቱ ጸጥ አለ፣ ከዚያ ተንጫጫ። የበካፋ አባት ታላቁ ኢያሱ ናቸዋ! እ.ኤ.አ. በ1706 የተገደሉት። ስለዚህ እቴጌይቱ የምትጠራው ልጇንም ወዳጇንም ላይሆን ይችላል፣ ዙፋኑን ለሕፃኑ ለማጽናት የሟቹን አማቷን ስም እየጠራች ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ስንኝ ልጇን ወይ ወዳጇን ብሎ ስለከለለን ሦስተኛውን ማንም አላሰበውም ነበር። አዝማሪው ራሱ አስቦት ይሁን አይሁን ፊቱ ላይ አይነበብም። ሰውየው ቢራ ተጋበዘ።

አሁን ወደ ወቀሳው። ዓርብና ቅዳሜ ሞንታርቦ ያስገባሉ። በዚህች ጠባብ ቤት ሞንታርቦ ምን ይሠራል? «ያጎቴ» ይበል «ያባቴ» ሳይለይ ያልፋል፣ እዚህ ቤት ደግሞ ያቺ ካመለጠች ሁሉም አመለጠ። ዳሸን ቢራው ከግሮሰሪ ዋጋ ከፍ ይላል፣ ያን ያህል ግን አያስቆጣም። በርጩማዎቹ ይቀየሩ። አስተናጋጇ ፈጣን ናት፣ ሒሳብ ላይ ንጹሕ።

ሌላ አንድ ትልቅ አዝማሪ ቤት አለ፣ መድረኩ ያማረ፣ መብራቱ የሚያብለጨልጭ፤ እዚያ ከእያንዳንዱ ግጥም በኋላ ማይክ የያዘ ልጅ ተነሥቶ «እዚህ ላይ ወንድሜ ያለችው ፍቅረኛዋን ነው» እያለ ያብራራል። አንድ ሰዓት ሳልቆይ ወጣሁ። ምናልባት ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ይመቸው ይሆናል፣ እኔን ግን ተፈትቶ የሚሰጠኝ ግጥም አይጥመኝም።

መሄድ ከፈለጋችሁ ሞንታርቦ በሌለበት ቀን፣ ሐሙስ ሂዱ፣ ዐቢይ ጾም ከገባ ዝግ ነው። ማታ ባጃጅ እንደልብ ስለማይገኝ አስቀድማችሁ አንዱን ተነጋገሩ። ለሽልማት ዝርዝር ብር ያዙ። አብሯችሁ የሚገባው ሰውም ምናችሁ እንደሆነ በር ላይ ተስማምታችሁ ግቡ፣ ውስጥ ገብታችሁ መልሳችሁ ከተለያየ በሁለታችሁም ላይ ይገጠማል።