ጎንደር ውስጥ የድሮ ስቴሪዮ የሚሠራ ሰው ለምትፈልጉ፣ ከምስጋና ጋር

ሰላም ለሁላችሁ። እኛ ሰዎች ስንታለል ለመጻፍ እንፈጥናለን፣ ሥራውን አክብሮ የሠራልንን ሰው ግን ከፍለን ዝም ብለን እንሄዳለን። ዛሬ አራዳ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚሠሩ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ላመሰግን ነው። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለጠየቁኝ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ዕቃው የአባቴ ሳንሱይ ሪሲቨር ነው። የዲሹን ማለቴ አይደለም፤ ሬዲዮና አምፕሊፋየር በአንድ ቀፎ የያዘውን፣ የእንጨት ክዳን ያለውን፣ ከባዱን ማለቴ ነው። አባቴ አስመራ ሲሠራ ቃኘው ከሚባለው የአሜሪካ ጦር የመገናኛ ጣቢያ አሜሪካውያን አንዱ ወደ አገሩ ሲመለስ ሸጦለት የሄደው ነው። ቃኘው የተዘጋው በ1969 ዓ.ም. ስለሆነ ዕድሜውን አስቡት። ከጀርባው የቮልት መምረጫ ስላለው ትራንስፎርመር ሳያስፈልገው በኛው 220 ቮልት ሲሠራ ኖሯል።

ሕመሙ በአንድ ጎን ብቻ ነበር። ግራው ስፒከር ጥርት ያለ ነው፤ ቀኙ ግን ይሻክራል። ማሲንቆ ሲመጣ ጠርዙ ይሰነጣጠቃል፣ ዜና አንባቢው ጉሮሮው የታመመ ይመስላል። ግራ የሚያጋባው ደግሞ ድምፁን ዝቅ ስታደርጉት መባሱ፣ ከፍ ስታደርጉት የዳነ መምሰሉ ነው። በመጀመሪያ ያየው ሌላ ጠጋኝ ክዳኑን እንኳን ሳይከፍት «የፓወር ትራንዚስተሮቹ ሞተዋል፣ ሁሉም ይቀየራሉ» ብሎ ዋጋ ጠራ፤ ለስፒከሩ ኃይል የሚሰጡትን ማለቱ ነው። አባቴ «ሳይከፍተው እንዴት አወቀ?» አለና ዕቃው ወደ ቤት ተመለሰ።

ጋሼ ጋ ስወስደው መፍቻ አላነሱም። ጥያቄ ነው የጀመሩት። የሚብሰው ዝቅ ሲል ነው ከፍ ሲል? ሲሞቅ ይሻለዋል? በሬዲዮም በሸክላም በቴፕም አንድ ዓይነት ነው? ቁልፎቹን ስትነካካ ይለወጣል? መልሴን ከሰሙ በኋላ «እንፈታዋለን ልጄ፣ መጀመሪያ ግን እሱ ራሱ ይናገር» አሉኝ።

ያስናገሩበት መንገድ ለማንም ስለሚጠቅም ትንሽ ልዘርዝረው። ዕቃውን አጥፍተው የግራውንና የቀኙን ስፒከር ሽቦ አቀያየሩ። ጉዳቱ ስፒከሩ ላይ ቢሆን ኖሮ ሽካራው ከቀኙ ስፒከር አይለቅም ነበር። ወደ ግራው ዞረ። ስለዚህ ስፒከሩ ነጻ ወጣ። ቀጥሎ ሬዲዮውን፣ ሸክላውን፣ ቴፑን በየተራ አሰሙ፤ በሁሉም ያው ነው። ከዚያ ያደረጉትን እኔ በፍጹም አላስበውም ነበር፦ «ሞኖ» የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። ሞኖ ሲሆን የሁለቱም ጎን ድምፅ ተቀላቅሎ ለሁለቱም ስለሚሄድ፣ ብልሽቱ ከቁልፉ በፊት ቢሆን ሁለቱም ስፒከሮች ይሻክሩ ነበር። የሻከረው አሁንም ያው የቀኝ ቻናል ብቻ ነው። ስለዚህ ችግሩ ከቁልፉ በኋላ ነው ማለት ነው። በመጨረሻም ከጀርባው ያሉትን የፕሪ አምፑን (ድምፁን መጀመሪያ የሚያዘጋጀውን ክፍል) መውጫና የፓወር አምፑን (አጉልቶ ለስፒከሩ የሚልከውን ክፍል) መግቢያ የሚያገናኙትን ገመዶች ግራ ቀኝ አቀያየሩ። ሽካራው ከቀኝ ንቅንቅ አላለም። ፕሪ አምፑም ነጻ ወጣ፤ የቀረው የቀኙ ፓወር አምፕ ብቻ ሆነ። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ብሎን አልተፈታም።

ሲከፈት ያው የአሥርት ዓመታት አቧራ ነበር፤ እሱን እለፉት። ስቴሪዮ ሁለት መንታ ሰርኪት ስላለው ጤነኛው ጎን ለታመመው መመሪያ ይሆናል። ጋሼም በቴስተር በግራው የለኩትን እዚያው ነጥብ ላይ በቀኙ እየለኩ፣ ቁጥሮቹን በካርቶን ላይ ጎን ለጎን ይጽፉ ነበር። ስፒከሩ በሚታሰርበት ጫፍ የተለቀቀ ዲሲ ቮልቴጅ አለመኖሩን አረጋገጡ፤ ያ ቢኖር ስፒከሩን ያቃጥል ነበር። ሙዚቃ ሳይኖር በፓወር ትራንዚስተሮቹ ውስጥ ማለፍ ያለበትን ትንሽ ከረንት፣ በሬዚስተር ላይ በሚፈጥረው ቮልቴጅ በኩል ሲለኩ ግን ልዩነቱ ወጣ። በግራው ጥቂት ሚሊቮልት ይነበባል፤ በቀኙ ዜሮ ሊባል የሚችል ነው።

ለምን ዝቅ ሲል እንደሚብስ የገባኝ ያኔ ነው። አንዱ ትራንዚስተር የድምፁን ሞገድ የላይኛውን ግማሽ፣ ሌላው የታችኛውን ይሸከማል። ያቺ ትንሽ ከረንት ሁለቱንም ነቅተው እንዲጠብቁ ታደርጋቸዋለች። እሷ ከጠፋች አንዱ ለሌላው ሲያስረክብ መሐል ላይ ክፍተት ይፈጠራል። ድምፁ ትልቅ ሲሆን ክፍተቱ ይዋጣል፣ ዝቅ ሲል ግን ከሙዚቃው የሚበዛው እሱ ነው። የተቃጠለ ስፒከር ብዙውን ጊዜ የሚያስታውቀው ከፍ ሲል ስለሆነ፣ ያቺ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ግማሹን ሥራ ጨርሳ ነበር።

ጥፋተኛው ከረንቱን የሚያስተካክለው ትንሽ ተሽከርካሪ ሬዚስተር ሆኖ ተገኘ። ውስጡ ዝጓል። የግራውም እኩያው ስለሆነ ሁለቱንም ቀየሩ፤ የተሰነጠቀ አንድ ብየዳም በካውያ አደሱ። ትራንዚስተሮቹ? አንዱም አልተነካም። «የነበሩት ኦሪጅናል ናቸው፤ ገበያ ላይ ያለው ብዙው ማህተም ተመቶበት የመጣ ፎርጂድ ነው፣ ደህናውን አውጥቼ ሐሰተኛ አልከትም» አሉ። የተቀየሩትን ዕቃዎች በላስቲክ አድርገው አስረከቡኝ።

መልሰው ሲያበሩት ቀጥታ መብራት ላይ አልሰኩትም። በመሐል ያንን የድሮ ቢጫ አምፖል ገጠሙ። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው፤ ቦግ እንዳለ ከቆየ ውስጥ ሾርት አለ፣ ጉዳቱንም አምፖሉ ይሸከመዋል። ኤልኢዲ ለዚህ አይሆንም። ቦግ ብሎ ደበዘዘ። ከዚያ አምፖሉን አውጥተው፣ ዕቃው በደንብ እስኪሞቅ ጠብቀው ከረንቱን በሁለቱም ጎን እኩል አደረጉት።

ክፍያውን በተመለከተ የፍተሻውን ዋጋ ዕቃው ከመከፈቱ በፊት፣ የጥገናውን ደግሞ ብልሽቱ ከተገኘ በኋላ ነገሩኝ፤ ከተባለው አልጨመረም። ለመፈተሽ መክፈል የሚከብዳችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በኔ እይታ ግን ዋናው ሙያ ፍተሻው ነው፤ የተለወጠው ዕቃ ራሱ ዋጋው የሚጠቀስ አይደለም።

እውነቱን ለመናገር ጋሼ ፈጣን አይደሉም። መብራት ሲጠፋ ሥራው ይቆማል፣ እሑድና በዓል ዝግ ነው፣ ሲሠሩ ስልክ አያነሱም። ለሠርግ ነገ የሚያስፈልግ ዕቃ ካላችሁ ሌላ ቦታ ሞክሩ።

ከመሄዳችሁ በፊት ስፒከሮቹን ቤት አቀያይራችሁ ሞክሩ፤ ዕቃው ጠፍቶ መሆን አለበት፣ ሁለቱ የሽቦ ጫፎችም እንዳይነካኩ። ቁልፍና ባላንስ ስታዞሩ ሽካራው የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ የቆሸሸ ኮንታክት ሊሆን ስለሚችል ያንንም ንገሯቸው። ቮልዩሙ ውስጥ ዘይት እንዳትነፉ። ክዳኑን ደግሞ አትክፈቱ፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ኃይል ይዘው ይቆያሉ።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ ካነበበልዎ፣ አባቴም እኔም እግዜር ይስጥልን ብለናል። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እርሳቸውን አስፈቅጄ እልካለሁ። ስትሄዱ ስፒከሮቹንም ከነሽቦአቸው ያዙ። ፍላት ቲቪ ግን እንዳትወስዱ፣ አይቀበሉም።