በእርሳስ ጻፉ ላለችን የላቦራቶሪ ባለሙያ

ባለፈው መኸር ከስንዴ ማሳ የሰበሰብኳቸው የዋግ (ስንዴን የሚያጠቃ የፈንገስ በሽታ) ናሙናዎች አንድም ሳይጣል ሁሉም ውጤት ሰጡ። በሰብል ጥበቃ ሥራ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ለባለውለታዬ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቅርብ። ስሟ እንዲጻፍ አልፈቀደችም። በምርምር ማዕከል ላቦራቶሪ የምትሠራ፣ በዕድሜ ታናሼ የሆነች፣ በሥራ ላይ ግን ማንንም የማትምር እህታችን ናት።

በአርሲ ደጋ ስንዴ የሚያውቅ ሰው ዋግ ምን እንደሚያደርግ አይጠፋውም። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ተነስቶ በአገሪቱ ከ600 ሺህ ሄክታር በላይ ስንዴ ሲያጠቃ፣ ኩብሳና ገለማ የተባሉትን የስንዴ ዝርያዎች የዘሩ ገበሬዎች ማሳቸው ዓይናቸው እያየ ነደደ። ቢጫ ዋግን ይቋቋማል ብለን ዲገሉ የተባለውን ሌላ የስንዴ ዝርያ አስፋፋን። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ አዲስ የግንድ ዋግ ዝርያ መጣና ዲገሉን በአርሲና በባሌ አጨደው። ስለዚህ «ዋግ ገብቷል» ብሎ ሪፖርት መጻፍ ብቻውን ጥቅሙ ትንሽ ነው። የትኛው የዋግ ዝርያ እንደገባ መታወቅ አለበት፤ ያንን ደግሞ ማሳ ውስጥ ቆሞ በዓይን የሚለይ ሰው የለም። የቢጫ ዋግ ዝርያዎች ለዓይን ሁሉም ያው ቢጫ ዱቄት ናቸው።

ቀድሞ በዘረመል ለመለየት ናሙናው ባሕር ተሻግሮ ሄዶ ውጤቱ ለወራት ይጠበቅ ነበር። ሲመለስ ስንዴው ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ምናልባትም ተበልቷል። የእንግሊዙ ጆን ኢንስ ማዕከል፣ ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል (ሲሚት) እና የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት በጋራ ያዘጋጁትና እ.ኤ.አ. በ2018 ሆለታ ላይ የተሞከረው ማርፕል የተባለው ዘዴ ይህንን ለወጠው። ዕቃው በአንድ ሻንጣ ይገባል፤ ዘረመሉን የሚያነበው መሣሪያ በመዳፍ የሚያዝ ነው። የቢጫ ዋግን 242 ጂኖች አንብቦ ዝርያውን በሁለት ቀን ውስጥ ይናገራል።

ሻንጣውን ያየ ሁሉ ይደነቃል፤ ፎቶግራፍም ይነሳበታል። እኔም አንዱ ነበርኩ። መሣሪያው ይህን ያህል ብልህ ከሆነ ቅጠሉን ማቀበል ብቻ ይበቃል ብዬ፣ የመጀመሪያ ናሙናዎቼን እንደተለመደው በፌስታል ጠቅልዬ፣ በመኪናው የኋላ መስኮት ሥር አድርጌ ወሰድኳቸው። በጠዋት ጤዛ የተቆረጠ ቅጠል፣ ፌስታል፣ ፀሐይ! ሲደርሱ በስብሰው ሻግተዋል። ልጅቱ ከፍታ አሸተተችና «ጋሼ፣ ይህንን ለጎመን ነጋዴ ይስጡልኝ» አለችኝ። ከዚያ ግን አላባረረችኝም። ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና ከመቀስ አያያዝ ጀምራ አስተማረችኝ።

ከእሷ የተማርኩት ይህ ነው። ማሳ ስትገቡ የመጀመሪያው ጥያቄ «መድኃኒት ተረጭቷል ወይ?» የሚለው ነው፤ ተረጭቶ የደረቀ ዋግ ለምርመራው የሚሆን ዘረመል ላይሰጥ ይችላል። ጤዛው ሲረግፍ ትኩስ ዱቄት ያለበትን ቅጠል መምረጥ ነው። ቢጫ ዋግ በቅጠሉ ርዝመት እንደ መስመር ይሰለፋል፤ ከእነዚያ መስመሮች የአንዷን ብቻ፣ ከጥፍር የማትበልጥ ቁራጭ ትቆርጣላችሁ። እኔ ብዙ ባመጣ የተሻለ መስሎኝ ነበር። ለካ በአንድ ቅጠል ላይ ሁለት የዋግ ዝርያዎች ጎን ለጎን ሊኖሩ ይችላሉ፤ አብረው ከተፈጩ መሣሪያው የሚያነበው የሁለቱን ቅይጥ ነው፣ እኛም በዓለም ላይ የሌለ ዝርያ አገኘን ብለን እንጨፍራለን። በየናሙናው መካከል መቀሱ በአልኮል ይጠረጋል። ቁራጯ በማቆያው ፈሳሽ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ትጠልቃለች። ፈሳሹ ዘረመሉ እንዳይበላሽ ይጠብቃል፤ ፈንገሱ ግን እዚያው ይሞታል፣ ስለዚህ በመንገድ ላይ ወደ ሌላ ማሳ አይዛመትም። ዋጉ በሕይወት እንዲደርስ ከተፈለገ ግን መንገዱ ሌላ ነው፤ ያኔ ቅጠሉ በወረቀት ፖስታ ሆኖ ይደርቃል። ፌስታል በሁለቱም በኩል ቦታ የለውም።

ከሁሉ የገረመኝ የእርሳሱ ነገር ነው። የናሙናውን ቁጥር በእስክሪብቶ ስጽፍ አይታ እጄን ያዘችኝ። ወረቀቱ ላይ አልኮል ጠብ አድርጋ አሳየችኝ፤ ጽሑፌ ዓይኔ እያየ ሟሟ። እርሳስ አይሟሟም። ስንት ዓመት ስንት ናሙና «ቁጥሩ አይነበብም» ተብሎ እንደተመለሰብኝ ሳስብ አፈርኩ።

ላቦራቶሪ ውስጥ አብሬያት የዋልኩበትን ቀን አልረሳውም። ቅጠሉን በትንሽ ዘነዘና ቱቦው ውስጥ ፈጭታ ዲኤንኤውን ታወጣለች፤ አብዛኛው የስንዴው ነው፣ የፈንገሱን ክፍል ብቻ ለይቶ የሚያባዛው ቀጣዩ ደረጃ ነው። ከናሙናዎቹ ጋር ሁልጊዜ ቅጠል የሌለበት፣ ውኃ ብቻ ያለበት አንድ ቱቦ ታስኬዳለች። ከእሱ ምንም መውጣት የለበትም፤ ከወጣ ከሌላ ቦታ ዘረመል ገብቶ ሥራው ተበክሏል ማለት ነው። የዚያን ቀን ግን ከውኃው ነገር ታየ። ደብዛዛ ነበር፤ እኔ ብሆን አላየሁም ብዬ አልፈው ነበር። እሷ የቀኑን ሥራ በሙሉ ጣለችው። ጠረጴዛውን ጠርጋ፣ ፈሳሾቹን ቀይራ፣ ምሳ ሳትበላ ከመጀመሪያው ጀመረች። አንድ አለቃ ገባ ብሎ «ምነው ዘገየ?» ሲላት «ውኃው ስንዴ ሆኖብኝ ነው» ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

ማሳ ላይ ስትወጣም ያው ናት። ለገበሬዎቹ በኦሮምኛ ታስረዳለች፤ የስንዴውን ዝርያ ስትጠይቅ የሚነግሯትን የአካባቢ ስም እንዳለ ትመዘግብና ኋላ ታጣራለች። ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ከመሻገሯ በፊት ልብሷን ታራግፋለች፣ ጫማዋን ታጥባለች፤ የዋጉ ብናኝ በእኛ በባለሙያዎቹ ልብስ ላይ ተሳፍሮ ይሄዳልና። ገበሬው ይህንን ሲያይ ሳይነገረው ይገባዋል።

በየወረዳው የሰብል ጥበቃ ሥልጠና የምታዘጋጁ ባልደረቦቼ ሆይ፣ ለግማሽ ቀን እንኳ እሷን ጋብዙ። ሦስት ቀን ሙሉ በስላይድ ከምንሰማው አንድ ማሳ ላይ ከእሷ ጋር መቆም ይበልጣል። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ዘንድሮም ናሙና ይዤ እመጣለሁ። ለሥልጠና የምትሄዱ ደግሞ እርሳስ ያዙ። ደረት ኪስ ላይ እስክሪብቶ ካየች የአልኮል ጠርሙሷን ነው የምታነሳው።