የትኛው የማገዶ ምድጃ? ለሐረርና ለድሬዳዋ ቤቶች የቀረበ ንጽጽር

በሐረርም ሆነ በድሬዳዋ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ሊገዛ ያሰበ ሰው አስቀድሞ መለየት ያለበት እንጀራ ሊጋግርበት ነው ወይስ ድስት ሊጥድበት የሚለውን ነው፤ ሁለቱንም እኩል አሳምሮ የሚሠራ ምድጃ እምብዛም አይገኝምና።

ለእንጀራ ቀዳሚው ምርጫ ምርጥ የተባለው ምድጃ ነው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ፑሚስ ከተባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተሠርቶ በክፍል በክፍል የሚገጣጠም ሲሆን፣ እሳቱን ዙሪያውን ዘግቶ በምጣዱ ሥር ስለሚያቆየው ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ሊያተርፍ ይችላል፤ ወደ ኋላ የሚወጣው ትኩስ አየርም እዚያ የተጣደውን ድስት ያሞቃል። ሆኖም ጭስ ማውጫ የሌለው ምርጥ ጢሱን ይቀንሰዋል እንጂ ከማዕድ ቤቱ አያስወጣውም። ስለዚህ በተዘጋ ማዕድ ቤት የሚጋግር ገዥ በዋጋ ቢወደድም ጭስ ማውጫ ያለውን ቢመርጥ ይሻለዋል። በግንብ እንደታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ እንደ ጁገል ቤቶች ተጠጋግተው በተሠሩ ግቢዎች ቧንቧው ከጣሪያው በላይ በሚገባ ካልወጣ ጢሱ ወደ ጎረቤት መስኮት ይገባል፤ ጥቀርሻውም በየጊዜው ካልተጠረገ እሳቱ መሳብ ያቅተዋል። በድሬዳዋ ሙቀት ግን ብዙ ሰው ደጅ ጥላ ሥር ስለሚጋግር፣ ነፋስ የሚከልል ግድግዳ ካለ ተራው ምርጥ ይበቃል።

ጎንዚዬ የተባለው ምድጃ ከሸክላ የተሠራ በመሆኑ ዋጋው ይቀላል፤ ምጣድም ድስትም ይቀበላል። ነገር ግን ዝናብ ካገኘው ወይም ሲያነሡት ከወደቀ ይሰነጠቃል፤ ቦታ ለሚቀያይር ተከራይ አይመከርም።

ለወጥና ለቡና ውኃ ትክክል የተባለው ምድጃ ይመረጣል፤ ውስጡ ሸክላ፣ ውጪው ላሜራ ነው። እሳቱ በጠባብ ቦታ ስለሚነድ ግለቱ ከፍ ይላል፣ ጢሱም አብሮ ይቃጠላል፤ ይህ የሚሆነው ግን ቀጫጭን ፍልጥ ጥቂት በጥቂት ሲጨመርበት ብቻ ነው። ወፍራም ግንድ የሚያጭቅበት ሰው ከጉልቻ የተሻለ ነገር አያገኝም። ለድግስ ድስትም አይሆንም።

ላቀች የከሰል ምድጃ ነው። ከሰል ጢሱ ትንሽ ስለሆነ ንጹሕ ይመስላል፤ ሆኖም ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ቤት ይሙቅ ተብሎ የከሰል ፍም ይዞ በተዘጋ መኝታ ክፍል ማደር ሊገድል ይችላል። በዚህ ላይ ድርድር የለም፤ ላቀች የሚገዛ ሰው ለምግብ ማብሰያ ብቻ ይግዛው፣ አየር ባለበትም ይጠቀምበት።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ጢስ ባይኖረውም ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ መስመሩ ይህን መሸከሙን በባለሙያ ማስመርመር ያስፈልጋል።

ከምድጃው ባልተናነሰ ወሳኙ የእንጨቱ ድርቀት ነው። እርጥብ እንጨት መጀመሪያ ውኃውን ለማትነን ሙቀት ስለሚያባክን በየትኛውም ምድጃ ይጨሳል፤ የእርጥበቱ መጠን ከ20 በመቶ በታች ቢሆን ይመረጣል። ጫፉ የተሰነጠቀና ሁለት ፍልጥ ሲጋጭ ጠንከር ያለ ድምፅ የሚሰጥ ደርቋል። ሐረር ላይ ለሐምሌና ለነሐሴ የሚሆነውን ፍልጥ ከክረምቱ በፊት ገዝቶ ከጣሪያ ሥር መደርደር ይገባል።

ምርጥ ሲገዙ የምጣዱን ስፋት ለክተው ይሂዱ፤ በምጣዱና በምድጃው መካከል ክፍተት ከቀረ ነበልባሉም ጢሱም በዚያ ይወጣል።